ስልኩ የእሱ ነው፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው በስማርትፎን እንዴት እናግዝ?

የታናሽ ወንድሜን ሎኬሽን ሳልነግረው ከፍቼበት ነበር። ስኪዞፍሬንያ አለበት፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ፣ በጥርጣሬ የሚያስጨንቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። ሁለት ሌሊት ጠፍቶ ሲመለስ «ቻርጅ ላድርግልህ» ብዬ ስልኩን ወሰድኩና የት እንዳለ በእኔ ስልክ እንዲታይ አደረግኩት። ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኩ ራሱ «ሎኬሽንህ እየተጋራ ነው» ብሎ ነገረው። አስቡት እንግዲህ፤ «እየተከታተሉኝ ነው» ሲለኝ «ኧረ ማንም አይከታተልህም» እያልኩ ስሟገተው የከረምኩት እኔው ነኝ። ሲሙን አውጥቶ ሰበረው። አራት ወር አላናገረኝም።

ይህንን የምጽፈው ከዚያ በኋላ አብረን፣ ቀስ በቀስ ካስተካከልነው ነው። ሁሉም ነገር ለሁሉም ሰው አይሠራም። ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም) ላለበት የሚጠቅመው ስኪዞፍሬንያ ላለበት ላይጠቅም ይችላል፤ ከባድ ድብርትም የራሱ ጣጣ አለው። «እሱ» እያልኩ የምጽፈው ወንድሜ ወንድ ስለሆነ ነው እንጂ ነገሩ ለእህትም፣ ለእናትም፣ ለባልም ያው ነው።

«እነሱ ስልክ የት ይሆንላቸዋል» የሚል ሰው አሁንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ አንድ ጥናት ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 33 ሰዎች ፎከስ የሚባል፣ ሕመሙን ለመቆጣጠር የሚያግዝ አፕ ተሰጥቷቸው ለአንድ ወር ያህል ያዙት። ከቀኖቹ 86 በመቶ ያህሉን ተጠቅመውበታል፤ በቀን በአማካይ አምስት ጊዜ። እኔ አንድ አፕ ጭኜ አንድ ሳምንት አልቆይም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ስኪዞፍሬንያ አለበት፤ እንግዲህ ስልካችሁ ውስጥ 300 ስም ካለ ቁጠሩት።

1. መጀመሪያ ተነጋገሩ፤ ደህና በሆነ ቀን

ስልኩን ከመንካታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አውሩ። ሦስት ቀን እንቅልፍ ላጣ፣ ድምፅ እየሰማ ላለ ሰው «አንድ አፕ ልጫንልህ» ማለት እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። እንቅልፉ የተስተካከለበትን፣ ፊቱ ፈታ ያለበትን ቀን ጠብቁ።

ጥያቄውም «ምን እናድርግህ?» መሆን የለበትም። እኔ እንዲህ ነበር ያልኩት፦

«ባለፈው ስትታመም በስልክ ምን ባደርግልህ ይሻልህ ነበር?»

«እታለም፣ አትደጋግሚ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ድምፆቹ ይብሳሉ።»

በዚያ ሰሞን በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ እደውል ነበር። ጭንቀቱ የእኔ ነበር፤ ጩኸቱ ግን እሱ ጆሮ ውስጥ ነው የሚገባው። ይህን ማንም ሐኪም አልነገረኝም።

ከዚያ አራት ነገር ላይ ተስማሙ። ምን ይታያል? ለማን ይታያል? እስከ መቼ? ደግሞ ምን ሲሆን ነው እሱን ሳትጠይቁ ለሐኪሙ ወይም ለሌላ ሰው የምትደውሉት? የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ግን ቀድሞ ካልተነገረ ኋላ ክህደት ይመስላል። በአንድ ገጽ ወረቀት፣ በራሱ አነጋገር ጻፉት። ፎቶ አንሱትና ሁለታችሁም ያዙት።

ከሁሉ በላይ፣ ስልኩ ላይ የምታደርጉትን ማናቸውንም ነገር እሱ ራሱ ማጥፋት መቻል አለበት። እንዴት እንደሚጠፋ አሳዩት፤ አንዴ ያጥፋው፣ መልሶም ይክፈተው። ወንድሜ ዛሬ ሎኬሽኑን አልፎ አልፎ ይልክልኛል፤ ራሱ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ሲፈልግ። ያ ለእኔ ከበቂ በላይ ነው።

2. ስልኩን ቀለል አድርጉለት

አንዳንድ የአእምሮ መድኃኒቶች ዓይን ያደበዝዛሉ፣ እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ ያደነዝዛሉ። ሕመሙ ራሱም ትኩረትን ይበትናል። ስለዚህ የሰው ልጅ ሁሉ የሚጠቀምበት ስልክ ለእሱ የተጨናነቀ ገበያ ሊሆንበት ይችላል።

ፊደሉን አሳድጉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከስድስት በላይ ምልክት አይኑር፤ የቀረው ወደ ኋላ ይሂድ። ኖቲፊኬሽን ከሰው ለሚመጣ መልእክትና ለአላርም ብቻ ይቅር፤ ዜናውን፣ ጌሙን፣ «እገሌ ፎቶ ለጥፏል» የሚለውን ሁሉ ዝጉት። በተለይ ተጠራጣሪነት ለሚያጠቃው ሰው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብቅ የሚል ጽሑፍ ቀልድ አይደለም።

አንድሮይድ ላይ የአንድን ሰው ስም ፊት ለፊት አስቀምጦ አንዴ ሲነካ በቀጥታ እንዲደውል ማድረግ ይቻላል። ሁለት ሰው አድርጉ፤ አንዱ ሳያነሳ ሲቀር ሌላው እንዲኖር።

የድንገተኛ ጊዜ መረጃውንም ሙሉ። አይፎን ላይ «ሄልዝ» ውስጥ «ሜዲካል አይዲ» ይባላል፤ ብዙ አንድሮይዶች ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ሴፍቲ» ወይም «ኢመርጀንሲ» የሚለው ስር ነው። ስልኩ ተቆልፎም የሚነበብ ስለሆነ ምን እንደሚጻፍ የሚወስነው እሱ ነው። የወንድሜ ላይ የምርመራው ስም የለም። የመድኃኒቱ ስም፣ የእኔ ቁጥርና «ስደነግጥ በዝግታ አናግሩኝ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ከምርመራው ስም ይልቅ ያቺ መስመር ትጠቅመዋለች።

3. መድኃኒት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አፕ ፍለጋ ይሮጣል። አያስፈልግም። የስልኩ አላርም ይበቃል፤ ዋናው አላርሙ የሚጮህበት ሰዓት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከቤት ውጭ ከሆነ አላርሙን ዘግቶ ይረሳዋል። ሁልጊዜ ከሚያደርገው ነገር ጋር አያይዙት፤ ጥርስ መቦረሽ፣ ስልክ ቻርጅ ላይ መሰካት። ክኒኑም እዚያው ቻርጀሩ አጠገብ ይቀመጥ። አላርሙ ላይ «መድኃኒት» ብላችሁ አትጻፉ፤ ሰው መሃል ሊጮህ ይችላል። የወንድሜ «ቻርጅ» ነው የሚለው።

«ወሰድክ?» የሚለውን ጥያቄ ለራሳችሁ ከልክሉ። በየቀኑ ሲጠየቅ ወይ ይዋሻል ወይ ይጣላል። እኛ የተስማማነው ሲወስድ አንድ የአውራ ጣት ምልክት ሊልክልኝ ነው፤ ካልመጣ በማግስቱ እጠይቃለሁ እንጂ ሌሊት አልጨቀጭቅም። ይህ ግን በሚወስደው መድኃኒት ይወሰናል። ክሎዛፒን የሚባለውን የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከ48 ሰዓት በላይ ካቋረጠ በድሮው መጠን እንደገና መጀመር አደገኛ ነው፤ ለሐኪም ተነግሮ ከትንሽ መጠን ነው የሚጀመረው። ስለዚህ መጨረሻ የወሰደው መቼ እንደነበር በትክክል ማወቅ ያድናል። እዚህ ላይ ዝምድና አያዋጣም፤ መዝግቡ።

ካሌንደሩም ሥራ አለው። ክሎዛፒን በመጀመሪያዎቹ ወራት የነጭ ደም ሴል ምርመራ በየሳምንቱ ይፈልጋል፣ ከዚያ እየራቀ ይሄዳል። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወዲያው ይነገራል። የሆድ ድርቀቱንም ንቀት አታሳዩት፤ ይህ መድኃኒት ላይ ሰው ገድሏል። ብዙ ጊዜ ለባይፖላር የሚታዘዘው ሊቲየም ደግሞ ደም የሚሰጠው የመጨረሻው ክኒን ከተወሰደ 12 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ለምርመራው ዋዜማ አንድ አላርም፣ ለጠዋቱ ሌላ አላርም ሙሉ፤ የጠዋቱ ላይ «ከደም በፊት አትዋጥ» ተብሎ ይጻፍ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሲያጣ፣ ተቅማጥ ሲይዘው ወይም እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ሲጨምርበት መጠኑ ደሙ ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። ማስመለስ፣ ጠንከር ያለ መንቀጥቀጥ፣ እንደሰከረ መንገዳገድ ካያችሁ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

የክኒኖቹን ማሸጊያ ፎቶ አንስታችሁ አንድ አልበም ውስጥ አስቀምጡ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «ነጭ ክብ ናት» ከማለት ያድናል።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ሆድ ሲገባ «ተውጧል» የሚል ምልክት የሚያስተላልፍ ክኒን ተፈቅዶ ነበር። ከተፈቀደላቸው ሕመሞች አንዱ ስኪዞፍሬንያ ነው። «ውስጤ የተቀበረ ነገር አለ» ብሎ ለሚሰጋ ሰው ውስጡ የሚዋጥ ነገር መስጠት ማን እንዳሰበው እንጃ።

4. በቀን አንድ ጥያቄ

ሕመሙ ሲያገረሽ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያንኳኳል። ማንኳኳቱ ግን እንደየሰው ነው። አንዱ እንቅልፍ ያጣል፣ አንዱ መታጠብ ይተዋል፣ አንዱ መጋረጃ ይዘጋል፣ አንዱ በሌሊት ረጅም ረጅም መልእክት መጻፍ ይጀምራል። ወንድሜ ከማገርሸቱ በፊት ለመልእክት መልስ የሚሰጠው በነጥብ ብቻ ነው። አንዲት ነጥብ። ያለፉትን መልእክቶች ወደ ኋላ እየሳብን ስናይ አብረን ያገኘነው ነው፤ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ሁለቱንም ጊዜ ነጥብ ብቻ ነበር።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ካለፈው ማገርሸት በፊት የነበሩትን ሦስት አራት ሳምንታት መልእክት፣ የጥሪ ሰዓት፣ ፎቶ አብራችሁ እዩ። እዚያ ውስጥ ሦስት ምልክት ታገኛላችሁ። ጻፏቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 17 ሰዎች ስልክ ላይ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ መረጃ ተሰብስቦ ነበር፤ ከማገርሸቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በእንቅስቃሴና በግንኙነት ላይ የታየው ያልተለመደ ነገር ከሌላው ጊዜ በ71 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ይሁንና ዓይናችሁ ያየው ነገር ስልኩም ላይ አሻራ እንደሚተው ያሳያል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ። አንድ። ባይፖላር ከሆነ እንቅልፍን እመርጣለሁ፤ ትንሽ ተኝቶ ድካም የማይሰማው ሰው ወደ ማኒያ (ከልክ ያለፈ መነቃቃት) እየወጣ ሊሆን ይችላል። እኛ ጠዋት ጠዋት «ስንት?» እለዋለሁ፣ «7» ይለኛል፤ አበቃ። ከ5 በታች ለሁለት ቀን ከሆነ ለሐኪሙ እንደሚነገር ወረቀታችን ላይ አለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራሱ «አንቺስ ስንት?» ማለት ጀመረ። 4 ብዬው አውቃለሁ።

ለምን አንድ ብቻ? ምክንያቱም መከታተል ራሱ ሊያሳምም ይችላል። ዴንማርክ ውስጥ ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች ስሜታቸውን በየቀኑ በስማርትፎን እንዲመዘግቡ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ሲወጣ የተጠበቀው ልዩነት አልታየም፤ እንዲያውም የድብርት ምልክቱ መዝጋቢዎቹ ላይ ቶሎ ሳይለቅ ቆይቶ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ ነበር። በቀን አምስት ጊዜ «ስሜትህ ከ10 ስንት ነው?» የሚባል ሰው ስሜቱን ሲቆፍር ይውላል።

5. ድምፆቹ ሲመጡ

ቀላሉ ኢርፎን ነው። ሙዚቃ፣ ትረካ፣ የሚወደው ሰው ንግግር። ድምፅ የሚሰሙ ብዙ ሰዎች ትርጉም ያለው ነገር ሲያዳምጡ ድምፆቹ ይቀንሱላቸዋል። የሚያረጋጉትን በደህና ጊዜ ይምረጥና ስልኩ ላይ ያውርደው፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚጠፋ ነገር አይሁን።

ሁለተኛው ዘዴ ከሁሉ የምወደው ነው። ታክሲ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ ለድምፆቹ መልስ መስጠት ካስፈለገው ስልኩን ጆሮው ላይ ያድርግና ያውራ። ማንም ዞሮ አያየውም። ወንድሜ አንድ ቀን ወረፋ ላይ ቆመን «ቆይ፣ አሁን ሰው አለ፣ ማታ አናግርሃለሁ» ሲል ሰምቼ ማን ደወለለት ብዬ ነበር። ስክሪኑ ጠፍቷል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ለድምፆቹ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል፤ ያን ጊዜ ለሩብ ሰዓት ያዳምጣቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሰላም ያገኛል።

ሦስተኛ፣ የራሱን ድምፅ ይቅዳ። ደህና ሆኖ ለታመመው ራሱ የሚናገረው አንድ ደቂቃ። «ይሄ ከዚህ በፊትም መጥቶ ሄዷል» ሲል የእኔ ድምፅ ከሚሆን የእሱ ቢሆን ይሻላል፤ እኔን ሊጠረጥረኝ ይችላል።

ሐኪሞቹም በዚህ በኩል እየሄዱ ነው። አቫታር ቴራፒ የሚባለው ሕክምና ላይ ታካሚው የሚሰማውን ድምፅ የሚመስል ፊት በኮምፒውተር ይሠራለታል፤ ከቴራፒስቱ ጋር ሆኖ ፊት ለፊት ይመልስለታል። ለንደን ውስጥ በ150 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሙከራ ውጤት ጥሩ ነበር። ቤት ውስጥ የሚሞከር ግን አይደለም።

6. ገንዘብና ሌሊት

ይህ ማኒያ ለሚመጣባቸው ነው፤ አጭር ነው። በሌሊት 8 ሰዓት ላይ የማይፈልገውን ሦስት ነገር ገዝቶ ጠዋት የሚያለቅስ ሰው ካያችሁ ይገባችኋል። ደህና ባለበት ጊዜ፣ በእሱ ፈቃድ፣ የሞባይል ባንኪንጉን የቀን ዝውውር ጣሪያ ዝቅ አድርጉ። የባንክ ካርዱን ከመግዣ አፖችና ከጌሞች ላይ ያጥፋ። ዋናውን ገንዘብ በስልክ የማይነካ ሒሳብ ውስጥ ያስቀምጥ። ማኅበራዊ ሚዲያውንም ከተወሰነ ሰዓት በኋላ የሚዘጋ ገደብ ራሱ ይሙላ። አንድ ጓደኛዬ ማኒያ ላይ ሆኖ ለአለቃው የላከውን መልእክት አሁንም ድረስ አልደፈረም ለማንበብ።

7. አፕና ቻትቦት

አፕ ከመጫናችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ሠራው? መረጃውን ለማን ይሰጣል? ሰውየው ሲፈልግ መረጃውን ማጥፋት ይችላል? መልሱ ካልተገኘ አትጫኑ። ቤተርሄልፕ የተባለው በኢንተርኔት የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት የተጠቃሚዎችን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ሲባል ለፌስቡክና ለመሳሰሉት አጋርቷል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። «ምስጢርህ የተጠበቀ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም።

ቻትቦትን (እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ከሰው ጋር የሚያወራ ፕሮግራም) በተመለከተ ጠንከር ልበል። ቀጠሮ ለማስታወስ፣ ደብዳቤ ለማሳጠር፣ ስለ አንድ መድኃኒት ለሐኪም የሚጠየቅ ጥያቄ ለማዘጋጀት ጥሩ ነው። ግን ሰውን ደስ ማሰኘት ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሚያዝያ ኦፕንኤአይ የቻትጂፒቲን አንድ ማሻሻያ ከልክ በላይ አጎብዳጅ ሆነ ብሎ ሽሮታል። «ጎረቤቶቼ እየሰለሉኝ ነው» ለሚል ሰው «ልክ ነህ፣ ስሜትህን እመነው» የሚል ጓደኛ፣ ሌሊት የማይተኛ፣ የማይሰለች ጓደኛ፣ ምን እንደሚያደርገው አስቡት። አትከልክሉ፤ ክልከላ ይበልጥ ያስደብቃል። ወረቀታችሁ ላይ ግን አንድ መስመር ጨምሩ፦ ከእንቅልፍ ሰዓት በኋላ ቻትቦት የለም፣ ስለ ክትትልና ስለ ሴራ የሚወራው ከሰው ጋር ነው።

8. ከሐኪም ጋር

ቀጠሮ ላይ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ወንድሜም ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ስልኩ ላይ አንድ ማስታወሻ ከፍተን በሳምንቱ ውስጥ ትዝ ያለውን እንጽፋለን፤ «ምላሴ ይደርቃል»፣ «ክብደት ጨመርኩ»፣ «ከቀትር በኋላ መቆም ያቅተኛል»። ሲገባ ስልኩን ለሐኪሙ ይሰጠዋል። የእንቅልፍ ቁጥሮቹንም እንዲሁ። የሐኪሙን ምክር በድምፅ መቅዳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ።

በቪዲዮ የሚደረግ ቀጠሮ ሲኖር ማንም የማይሰማበት ክፍል ይሁን፤ እናንተም ውጡ። ስክሪን ላይ ፊት ማየት የሚያስፈራው ከሆነ ካሜራውን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ ይሁን ብሎ መጠየቅ ይችላል።

9. ስልኩ የጠፋ ቀን

ይጠፋልና። ይሸጠዋል፣ ይጥለዋል፣ ይሰብረዋል፣ ወይም «ይሰሙኛል» ብሎ ያጠፋዋል። እስካሁን ያልኩት ሁሉ በዚያ ቀን ዋጋ የለውም። ስለዚህ አስፈላጊዎቹ ቁጥሮች በወረቀት ኪሱ ውስጥ ይኑሩ። ፎቶዎቹና ስሞቹ ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑራቸው። ስልኩ ሲዘጋ መጀመሪያ ለማን እንደምትደውሉ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ በአካል እንደምትሄዱ፣ ማን እንደሚሄድ ቀድማችሁ ተስማሙ።

ራሱን ስለማጥፋት የሚመስል መልእክት ከመጣ ደግሞ በጽሑፍ አትመልሱ። ደውሉ። በቀጥታ ጠይቁ፣ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብላችሁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። መስመሩ ላይ አቆዩትና በሌላ ስልክ የአገራችሁን የድንገተኛ ቁጥር ወይም አጠገቡ ያለ ሰው አስደውሉ። እስኪደረስለት ብቻውን አይሁን፤ ክኒኖቹም ከአጠገቡ ይነሱ። ድምፆቹ ራሱን ወይም ሌላ ሰው እንዲጎዳ እያዘዙት ከሆነም ያው ነው።

ያቺን አንድ ገጽ ወረቀት በየሦስት ወሩ አውጥተን እናያታለን። ባለፈው ጊዜ ወንድሜ የአውራ ጣቷን ምልክት ሰረዛት፤ አሁን በወር አንዴ በመርፌ ስለሚወስድ አያስፈልግም። ከታች በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨመረ፦ «እታለም ከመምጣቷ በፊት ትደውል። አንዴ ብቻ።»